ግቢያችን ውስጥ የወረደው ካምቢዮ፦ ስለ አንድ የቤት ለቤት መካኒክ አገልግሎት

ባለፈው ጥቅምት ወር፣ ጎላ ሚካኤል አካባቢ በሚገኘው የቤተሰባችን ግቢ ውስጥ፣ የአባቴን ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በቤት ለቤት መካኒኮች አስወርጄ መልሼ አስገጥሜያለሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ አገልግሎት ግምገማ ነው። ሥራውን የሚሠሩት አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክና አንድ ወጣት ረዳታቸው ሲሆኑ፣ ቀጠሮ የሚይዘውና ገንዘብ የሚቀበለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ለቸኮለ አንባቢ ባጭሩ ለመናገር፣ የሁለቱ የእጅ ሥራ ከከፈልኩት ዋጋ በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የሦስተኛው ሰው የቀጠሮና የሒሳብ አያያዝ ግን ለዚያ የእጅ ሥራ የሚመጥን አይደለም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራች፣ ባለ 1608 ሲሲ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ናት። ስፓይደር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ ቅርጿን በፒኒንፋሪና ቤት ሆኖ የነደፈው ቶም ቻርዳ፣ ሞተሯን የሠራው ደግሞ ቀድሞ በፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ለካምቢዮው ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላው የዘር ሐረጓ ነው። የስፓይደር መሠረት የሆነችው የፊያት 124 የቤት መኪና፣ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለተመረተችው ላዳም መነሻ ናት፤ ስለዚህ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት ያመላለሰችው ታክሲ የስፓይደር የአክስት ልጅ ናት ማለት ይቻላል። በዚህ ከተማ ስፓይደርን የሚያውቅ መካኒክ ከመፈለግ ይልቅ ላዳን በጨለማ ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ መፈለግ እጅግ ይቀላል። እኔም ስልክ ስደውል ቀጠሮ ያዡን ከዋናው መካኒክ ጋር እንዲያገናኘኝ ጠይቄ፣ ስንት የላዳ ካምቢዮ እንዳወረዱ ነበር አስቀድሜ የጠየቅኳቸው። «እህቴ፣ ቆጥሬው አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

ችግሩ ራሱን የገለጠው በቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ነው። ከለገሃር ተነስቼ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ፣ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጨምር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፤ መኪናዋ ግን አትፈጥንም፤ ወደ ፒያሳ ስቃረብ ደግሞ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል፣ ሲያንሸራትት እንዲህ ነው፤ በዲስኩ ላይ የተለጠፈው ሸራ አልቋል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። በመኪናዋ ሆድ ሥር፣ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ፣ በየጠዋቱ የማገኘው የዘይት ጠብታ ሁለተኛውን ግምት ያጠናክር ነበር። በዚህ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ሳይሞቅ ሲገባ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። ፍሪሲዮን የሚቀመጠው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ስለሆነ፣ ምንም ያህል ትንሽ ብልሽት ቢኖርበት ካምቢዮው ሳይወርድ አይነካም።

አስቀድሜ የጠየቅኳቸው ሁለት ጋራዦች መኪናዋን ትቼላቸው እንድሄድ ነበር የፈለጉት። ጋራዥ የገባ የድሮ መኪና እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ ቀጠሮው ይሰጣል እንጂ ቀኑ አይደርስም። ጣሪያዋ ሸራ የሆነ መኪና ሜዳ ላይ ከርማ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባት፣ እግረ መንገዱንም አንዳንድ ዕቃ ሲጎድልባት ማየት አልፈለግሁም። በቤት ለቤቱ አገልግሎት የተስማማሁበት ዋጋ 14,000 ብር ሲሆን፣ 5,000ው በቅድሚያ በቴሌብር የሚከፈል ነበር። ዋጋው ማውረድን፣ የፍሪሲዮን ቅየራንና መልሶ መግጠምን ያካትታል፤ የመለዋወጫ ዕቃና የካምቢዮውን ውስጥ መክፈት አያካትትም። በስልክ የተነገረኝ ሥራው በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ነው። ይህ ትክክል አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ተስፋ የሚሰጥ ሰው ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ ደንበኛ እንዳያመልጠው ፈርቷል።

ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ፤ የመጡት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። መካኒኩ ለማክሰኞ እንደተነገራቸው ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ስላሳዩኝ፣ ቅያሜዬን ለቀጠሮ ያዡ አቆይቼ በሩን ከፈትኩላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሰፊው የምጽፈው፣ የአገልግሎቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መካኒኩ አንድም ብሎን ከመንካታቸው በፊት ለአርባ ደቂቃ ያህል የሠሩት መሬቱን ነው። የግቢያችን ወለል ሲሚንቶ ቢሆንም ወደ በሩ ያዘነብላል። ረዳቱ ከጎረቤት ግንባታ የተረፉ ብሎኬቶች አይቶ ሊያመጣ ሲል «ተው፣ ብሎኬት ሰው ይገድላል» ብለው መለሱት። ነገሩ እውነት ነው፤ ብሎኬት መሐሉ ክፍት ስለሆነ የመኪና ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። እሳቸው ይዘዋቸው የመጡት አራት የብረት መደገፊያ እግሮች ነበሩ። በየእግሮቹ ሥር ወፍራም ጣውላ አነጠፉ፤ ጎማዎቹን በእንጨት ሽብልቅ አገዱ፤ መኪናዋን በክሪክ ፊትና ኋላ እያፈራረቁ ካነሱ በኋላም ጎኗን ይዘው በኃይል ወዘወዟት። «አሁን ካልወደቀች፣ እኔ ከሥሯ ስሆን አትወድቅም» አሉ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ሰው ተኝቶ ሲሠራ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ለዚህ አርባ ደቂቃ ብቻ እንኳ ሙሉ ምስጋና እሰጣለሁ።

ቀጥለው የባትሪውን ገመድ ፈቱ፤ ወደ ውስጥ ገብተውም በመቀመጫዎቹ መካከል ያለውን መሸፈኛና የማርሽ ዘንጉን አነሱ። ካምቢዮው ወደ ታች የሚወርድ ቢሆንም ሥራው የሚጀመረው ከላይ ነው፤ የማርሽ ዘንጉ ተረስቶ ካምቢዮውን ከሥር መጎተት የተለመደ ስህተት መሆኑን ለረዳታቸው ሲነግሩት ሰምቻለሁ። ወደ ሆዷ ሲመለሱ የካምቢዮውን ዘይት በጀሪካን አጠለሉ፤ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) የፊት ቱቦ፣ የማርሻዴትሮ (የኋላ ማርሽ) መብራት ሽቦዎችን፣ የፍጥነት መቁጠሪያውን ገመድና የፍሪሲዮኑን ካቦ አላቀቁ። ላዳ ላይ ፍሪሲዮን የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ ይህ ካቦ ለረዳቱ አዲስ ነበር፤ አለቃው ግን ከአሮጌ ፊያቶች ያውቁታል።

የማርሚታው ማሠሪያ አንዱ ብሎን እዚህ ላይ ተቆረጠ። ሃምሳ ዓመት በእሳትና በውሃ ላይ የኖረ ብሎን መቆረጡ የሚጠበቅ ስለሆነ መካኒኩን አልወቅስም፤ ነገር ግን ቀጠሮ ያዡ ከሁለት ቀን በፊት ብሎኖቹን ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት እንዳርሳቸው ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ለደንበኛ እንዲህ ያለ ቀላል ምክር አለመስጠት በዚህ ዓይነት አገልግሎት ውስጥ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከካምቢዮው በስተኋላ ያለው ረጅም ዘንግ የሚገናኘው በወፍራም ባለ ስድስት ብሎን ላስቲክ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ የካምቢዮውን፣ ሦስቱ የዘንጉን ክንድ ይይዛሉ። ላስቲኩ ሲገጠም ተጨምቆ ስለሆነ፣ ብሎኖቹ ዝም ብለው ከተመዘዙ ይለጠጥና መልሶ መግጠሙ ሌላ ቅጣት ይሆናል። መካኒኩ ከመፍታታቸው በፊት ዙሪያውን በቆርቆሮ ቀበቶ ጠፍረው አጠበቁት፤ ከዚያ ሦስቱን ብሎኖች በጣት መዘዟቸው። ላዳም ላይ ይኸው ላስቲክ ስላለ፣ ካዘጋጁት ቀበቶ ማርጀት ስንት ጊዜ እንደሠሩት መገመት ይቻላል።

በጣም ያስደነቀኝ ግን ሞተሩን የያዙበት መንገድ ነው። ካምቢዮውን ከኋላ የሚሸከመው የብረት ድልድይ ሲፈታ፣ ሞተሩ በፊት ለፊቱ ሁለት ጎሚኒዎች ላይ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ኋላው ወደ ታች፣ ግንባሩ ወደ ላይ ይጋደላል፤ የሞተሩ ማራገቢያ ራዲያተሩን ሊነካ፣ የነዳጅ መስጫው ዘንግም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ በሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት አድርገው ሁለተኛ ክሪክ አቆሙ፤ ከዚያም ሆነ ብለው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እንዲያጋድል ለቀቁት፤ ረዳቱ ኮፈኑን ከፍቶ በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት እያየ «ገና ነው፣ ገና ነው፣ በቃ!» ይል ነበር። ማጋደሉን የፈለጉት ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት የላይኛዎቹ ብሎኖች በሌላ መንገድ ስለማይደረስባቸው ነው። ሞተሩ ሲጋደል በካምቢዮው ጀርባና በመኪናዋ ወለል መካከል እጅ የማያስገባ፣ ብረት ግን የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሦስት ማስረዘሚያ ቀጣጥለው፣ ጫፉ ላይ የ19 ቡሶላ (የብሎን ራስ የሚይዝ መፍቻ) አድርገው፣ ብሎኑን ሳያዩ በዳሰሳ ፈቱት። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ቀድሞ ተፈትቶ ወደ ጎን ተደርጎ ነበር።

ለማውረድ የተጠቀሙበት ክሪክ በብየዳ የተሠራ የብረት እቅፍ የተገጠመለት ዝቅተኛ ክሪክ ነው። ካምቢዮውን በሰንሰለት እቅፉ ላይ አሰሩት። ረዳቱ «ጋሼ፣ ልሳበው?» ሲል «ቀጥ አድርገህ፤ እንዳይንጠለጠል» አሉት። ከካምቢዮው ግንባር የሚወጣው ዘንግ በፍሪሲዮኑ ሸራ መሐል አልፎ ስለሚገባ፣ ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክብደቱ በዚያ ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የሸራው መሐል ይጣመማል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ሁሉም ነገር ተገጥሞ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ነው። ወደ ኋላ በሳቡት ቁጥር የክሪኩን ከፍታ እየለካኩ፣ አንዳንዴም መልሰው እየገፉ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ካምቢዮው መሬት ሲደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። እናቴ ያፈላችው ቡና እስከ በረካ ደርሶ ነበርና መካኒኩ በዘይት እጃቸው ሲኒውን በጨርቅ ይዘው ጠጡት።

ብልሽቱን የመረመሩት በአፍንጫቸው ጭምር ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ውስጥ የተገኘው ዘይት የሞተር ከሆነ ጥቁርና ቀጭን፣ የካምቢዮ ከሆነ ወፍራም ይሆናል። ያገኙት ወፍራሙን ነው፤ በዚያ ላይ የድኝ ሽታ ነበረው። ይህ ሽታ ሁለት ነገር አሳወቀን፤ አንደኛ፣ የሚያፈሰው ከካምቢዮው ፊት ያለው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ለዲፈረንሻል የሚሆን ጂ.ኤል. 5 ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ጨምሯል። ለዚህ ካምቢዮ ፊያት ያዘዘው እንዲህ ያለ ኃይለኛ ቅመም የሌለበትን ባለ 90 ውፍረት ዘይት ነው። በጂ.ኤል. 5 ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም እንደ ነሐስ ያሉ ብረቶችን ሊበላ ይችላል፤ ዘይቱም ከመጠን በላይ ስለሚያሟልጥ ሲንክሮው (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማማው ቀለበት) ማርሹን ይዞ ፍጥነቱን እንዳያስተካክል ያደርገዋል። የሁለተኛ ማርሽ ማፋጨት በከፊል ከዚህ ሳይመጣ እንደማይቀር መካኒኩ ገመቱ። ካምቢዮውን እናስከፍተው ወይ ስላቸው፣ ማርሹ ከገባ በኋላ እየዘለለ የማይወጣ ከሆነ፣ በእጅ ላይ መለዋወጫ ሳይኖር መክፈት ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው ነገሩኝ። ገንዘብ የሚያስገኝላቸውን ሥራ በራሳቸው አንደበት ሲያስቀሩ በማየቴ ሌላውንም ምክራቸውን ያለ ጥርጥር ተቀበልኩ።

ረቡዕ ዕለት አብረን የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄድን። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ የሚነዳው ሰው ብዙ ነው፤ ተራው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ለፓራኦሊዮውና ለሁለቱ ኩሽኔታዎች (የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች)፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን ለሚገፋውና በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ለሚቀመጠው ትንሹ፣ መጠናቸውን በመለካት ተመሳሳይ አገኘን። የፍሪሲዮን ዲስኩ ግን አስቸገረ። አንድ ሻጭ «የላዳ ነው፤ ይገባል፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» አለኝ። መካኒኩ አሮጌውን ዲስክ ከፌስታል አውጥተው፣ የመሐሉን ጥርሶች ቆጠሩ፤ የዙሪያውን ስፋትም ለኩ፤ አይገጥምም ብለውም መለሱለት። ዘመዳማች መኪናዎች ሁሉን ነገር አይጋሩም፤ ይህን የማያውቅ መካኒክ ቢሆን ኖሮ ዕቃውን ገዝተን፣ ካምቢዮውን ገጥመን፣ እንደገና እናወርደው ነበር። በመጨረሻ የአሮጌው ዲስክ አካል ደህና ስለነበር አዲስ ሸራ እንዲለጠፍበት ተሰጠ፤ ይህም አንድ ተጨማሪ ቀን ወሰደ። የተቆረጠው የማርሚታ ብሎን በዚያው ቀን ቶርኖ ቤት ተቀየረ።

መግጠሙ ዓርብ ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አለቀ። ከማውረዱ የፈጠነው ሁሉም ነገር ታጥቦ፣ ብሎኖቹም በየዓይነታቸው በቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ተለይተው ስለተቀመጡ ነው። ሸራው ከቮላኖው፣ ማለትም በሞተሩ ኋላ ካለው ከባድ ክብ ብረት ጋር ሲታሰር በትክክል መሐል ላይ መዋሉን ያረጋገጡት በቶርኖ በወጣ እንጨት ነው፤ ሸራው ጥቂት እንኳ ወደ ጎን ከዋለ የካምቢዮው ዘንግ ስለማይገባ፣ ሰዎች በብሎን ጎትተው ሊያስገቡት ሲሞክሩ የካምቢዮውን ቅርፊት ይሰነጥቃሉ። የእሳቸው ካምቢዮ በሁለተኛው ሙከራ ያለ ግፊት ገባ።

አሁን ወደ ቅሬታው። ሐሙስ ማታ ቀጠሮ ያዡ ደውሎ፣ ሥራው ከአንድ ቀን በላይ ስለወሰደ 3,000 ብር እንድጨምር ጠየቀኝ። አንድ ቀን ያለው ራሱ ነው፤ የዘገየውም በዕቃው ነው እንጂ በእኔ አይደለም። ተከራክረን በ1,000 ብር ተስማማን፤ መካኒኩ ስለ ጭማሪው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ስነግራቸውም ፊታቸው ጠቆረ። ደረሰኝ ስጠይቅ የተሰጠኝ ከደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ በላዩ ላይ «ካምቢዮ» እና ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ተጽፎበታል። የተቀየረው ምን እንደሆነ፣ ዋስትና ቢኖር ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የተጨመረው ዘይት ዓይነት ምን እንደሆነ አንድም ቃል የለም። ዘይቱን እኔው ራሴ በአባቴ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ያለበለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ጂ.ኤል. 5 ይጨምርበታል።

የሥራ ስህተትም አልጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት ስነዳ የፍጥነት መቁጠሪያው ዜሮ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ገመዱ ከካምቢዮው ጋር ተያይዟል እንጂ ማጥበቂያው አልዞረም። ደወልኩ፤ በዚያው ቀን ረዳቱ ብቻውን በታክሲ መጥቶ አጠበቀው፤ ገንዘብም አልጠየቀም። ስህተቱ የእሱ መሆኑን ራሱ ነገረኝ።

ይህን አገልግሎት ለመጥራት ያሰበ ሰው መኪናው ሦስት ወይም አራት ቀን ሳይነካ የሚቆምበት፣ በየጎኑ ሰው ተኝቶ የሚንቀሳቀስበት፣ ጠንካራ ወለል ያለው ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ የኮንዶሚኒየም የጋራ ማቆሚያ ለዚህ አይሆንም፤ ጎረቤትም ዘበኛም አይታገሥም። ዋጋውን፣ የቀኑን ብዛትና የዕቃ መዘግየት በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር፣ ይህንንም ከቀጠሮ ያዡ ጋር ሳይሆን በመካኒኩ ፊት ማድረግ ይሻላል። ብሎኖቹንም ከሁለት ቀን በፊት ዘይት ማጠጣት አይርሱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው መኪና ግን እነሱም አይመጡም፤ ስጠይቃቸው በግልጽ ነግረውኛል።

ስፓይደር አሁን ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ያለ ሽታ ትወጣለች፤ ጠዋት ግቢው ላይ የዘይት ጠብታ የለም። ሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አሁንም ያፋጫል፤ ከበፊቱ ግን ቀንሷል። እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጥኩ አስገባዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይገባል።